የካንቴሊ ሳጥን፦ 5ኛው ሲምፎኒ አንደኛ ክፍል የለውም!

እሺ ከዋናው ልጀምር። ክላሲካል ሙዚቃ ቁጭ ብሎ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳን ያቺን ጣ-ጣ-ጣ-ጣአአም የምትለዋን የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ መግቢያ ያውቃታል፣ የማን እንደሆነች ባያውቅ ድምጿን ያውቃታል፣ የስልክ ጥሪ ላይ፣ ካርቱን ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ ሰምቷታል። እኔ ደህና ገንዘብ ከፍዬ፣ የአክስቴን ልጅ ለምኜ ከአሜሪካ በሻንጣ ያስመጣሁት የጣልያናዊው የኦርኬስትራ መሪ የጉይዶ ካንቴሊ የሲዲ ሳጥን ውስጥ ያለው 5ኛ ሲምፎኒ ግን እሷ የለችበትም። ሲምፎኒው አራት ክፍል ነው ያለው፣ አንደኛው ክፍል በሙሉ የለም! ሲዲውን ስትከፍተው ቀጥታ ከሁለተኛው ክፍል ይጀምራል፣ ቫዮላና ቼሎ ለስለስ አድርገው ይገባሉ፣ ምንም እንዳልጎደለ።

መጀመሪያ ሲዲው ተጭሯል ብዬ ነበር። አውጥቼ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት፣ ሌላ ማጫወቻ ላይ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ከዛ ቡክሌቷን አውጥቼ በስልክ መብራት ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ። ተጽፏል፣ አልዋሹም። ከሲምፎኒው ስም ስር በማጉያ መነጽር በምትነበብ ፊደል ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ይላል። ሳጥኑ ጀርባ ላይና የሸጠልኝ ሱቅ ገጽ ላይ ግን የተጻፈው ቤትሆቨን፣ ሲምፎኒ ቁጥር 5 እና ቁጥር 7 ብቻ ነው። በቃ። አቦሉን ትቶ ከቶና የጀመረ ቡና ሸጡልኝ ማለት ነው።

ሻጩ ቢሰማኝ ምን እንደሚል አውቃለሁ። "ጌታዬ ይሄ እኮ ታሪካዊ ቅጂ ነው፣ ሰውየው ሳይጨርሰው ነው የሞተው" ይለኛል። አውቃለሁ ወንድሜ። እንደውም ካንተ በላይ አውቃለሁ፣ ከክረምት ጀምሮ ስለሱ ያላነበብኩት የለም። እኔ ከሟቹ ጋር አልተጣላሁም፣ የተጣላሁት ከካርቶኑ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። 1956 ላይ ካንቴሊ ለንደን ኪንግስዌይ ሆል ገብቶ ከፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ ጋር ቤትሆቨንን ይቀዳል። 7ኛውን ጨረሰ። 5ኛው ላይ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉት ክፍሎች ተቀዱ፣ አንደኛው ክፍል ላይ ግን አካባቢው ላይ የግንባታ መሰርሰሪያ ድምፅ አላስቀዳ አለ። ሰውየው ደግሞ "ትንሽ ድምፅ ምን አላት" ብሎ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም፣ አንዷን ቦታ ደጋግሞ በማስቀዳት የታወቀ ነው። እና ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን ተባለ። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር አልመጣም። ኅዳር ላይ ማለትም ኖቬምበር 24፣ 1956 ኒውዮርክ ሄዶ ኦርኬስትራ ሊመራ የተሳፈረበት አውሮፕላን ፓሪስ ኦርሊ ከተነሳ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተከሰከሰ። ዕድሜው 36። ሚላን ያለው ላ ስካላ የሙዚቃ ዳይሬክተር አድርጌሃለሁ ካለው ገና አንድ ሳምንቱ ነበር።

የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ኪንግስዌይ ሆል የሚባለው አዳራሽ ስሩ የምድር ባቡር የሚያልፍበት ነበር! በዛ ዘመን እዛ የተቀዱ ስንትና ስንት ቅጂዎች ላይ ጥሩ ስፒከር ያለው ሰው የባቡሩን ጉርምርምታ ይሰማዋል። የድምፅ ባለሙያዎቹ አዳራሹ ለኦርኬስትራ ድምፅ በጣም ስለሚያምር ባቡሩን ችለው ለዓመታት ሲቀዱበት ኖረዋል። ባቡሩን ያለፈ ሙዚቃ በመሰርሰሪያ ተሸነፈ። እኔ በራሴ የሰፈር ግንባታ የተማረርኩት አንሶ አሁን በ1956 የለንደን ግንባታም ተማርሬ ቁጭ አልኩ።

ካንቴሊን ለማያውቀው፦ ኖቫራ የምትባል የሰሜን ጣልያን ከተማ በ1920 የተወለደ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከጀርመኖች ጋር አልሰለፍም ብሎ የሥራ ካምፕ የገባ፣ ከጦርነቱ በኋላ 1948 ላይ ታላቁ የኦርኬስትራ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ ሚላን ውስጥ ሲመራ አይቶት ወዲያው አሜሪካ ወደራሱ ኦርኬስትራ የጋበዘው ልጅ ነው። ቶስካኒኒ በሰው አይደነቅም ነበር፣ ሙዚቀኞችን በስድብ የሚያጥብ ሽማግሌ ነው፣ ይሄን ልጅ ግን እንደ ወራሹ ነበር የሚያየው። (እኛ ጋ የዛ ዘመን ጣልያን ሲነሳ ፊታችን ስለሚጠቁር ልንገራችሁ፣ ቶስካኒኒ የፋሺስቶቹን መዝሙር አላጫውትም ብሎ 1931 ላይ ቦሎኛ ውስጥ በጥፊ የተመታ ሰው ነው፣ ከዛ በኋላ ፋሺስቶቹ እስኪወድቁ ድረስ አገሩ ውስጥ መምራት አቁሟል። ስለዚህ በሙሉ ልብ መስማት ይቻላል።) ካንቴሊ ሲሞት ሽማግሌው 89 ዓመቱ ነበር፣ ቤተሰቡ መርዶውን ደበቀው፣ ጃንዋሪ 1957 ላይ የካንቴሊን መሞት ሳይሰማ እሱም ሞተ። መርዶ መደበቅ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጎደለው ልመለስ። ጎደሎ ነው ብዬ ዝም አላልኩም፣ ልሞላው ሞከርኩ። የቶስካኒኒ 5ኛ፣ ያ 1952 ካርኔጊ ሆል ላይ የተቀዳው አለኝ፣ የእሱን አንደኛ ክፍል ከካንቴሊ ሦስት ክፍሎች ጋር ኮምፒውተሬ ላይ ገጣጠምኩት። መምህርና ደቀመዝሙር፣ የሚገጥም መስሎኝ። አልገጠመም! የቶስካኒኒው ድምፅ ደረቅና ቅርብ ነው፣ ፊትህ ላይ ነው የሚጮኸው፣ ከዛ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ኪንግስዌይ ስትገባ ድንገት ጣሪያው ከፍ ይላል፣ አየሩ ይለወጣል፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሳይሆን ከአንድ አገር ወደ ሌላ የሄድክ ይመስልሃል። የሌሎች መሪዎችንም ሞከርኩ፣ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይጎተታል። ባለቤቴ ይሄን ሁሉ ስሠራ እያየች "ይሄኛውማ ደስ ይላል እኮ፣ ያ መጀመሪያ ላይ ያለው ጩኸት የለበትም" አለችኝ። ቤትሆቨን ይቅር ይበላት።

ግን ከዛ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር አለ፣ እሱን ካልነገርኳችሁ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ብሶት ብቻ ይሆናል። 5ኛውን አንደኛ ክፍሉን ቆርጣችሁ ስትሰሙት ሦስተኛው ክፍል ሌላ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ ቼሎና ባስ ከስር ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ከዛ ሆርኖቹ (ክብ የነሐስ መለከቶቹ) በሙሉ ኃይላቸው ያቺኑ ጣ-ጣ-ጣ-ጣአምን ይዘው ይገባሉ። በሙሉው ሲምፎኒ ስትሰማት "አ፣ ተመልሳ መጣች" ነው የምትለው፣ ታውቃታለህ። እዚህ ግን ቀድማ ስላልመጣች ከየት እንደመጣች የማይታወቅ በር ደብዳቢ ትሆናለች፣ በእውነት ደንግጬ ድምፅ ቀንሻለሁ። ከዛ ያ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሳይቆም የሚያሻግረው ቦታ፣ ቲምፓኒው (ትልቁ ከበሮ) በቀስታ እየመታ ቫዮሊኖቹ ቀስ በቀስ ወደላይ የሚወጡበት፣ ካንቴሊ እዛ ጋ የሚያደርገውን ነገር ሌላ ሰው ሲያደርገው አልሰማሁም። አብዛኛው መሪ እዛ ጋ ይቸኩላል፣ መድረሻውን ስለሚያውቀው። እሱ አይቸኩልም፣ ትንፋሽህን ይዞ ያቆይሃል፣ ትሮምቦኖቹ ሲፈነዱ (ቤትሆቨን ሲምፎኒ ውስጥ ትሮምቦን ያስገባው እዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ) ድምፁ ትልቅ ነው ግን አይዝረከረክም፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይሰማል። ከዛ አራተኛው ክፍል መሀል ላይ ያቺ ደብዳቢ ደሞ ቀዝቀዝ ብላ ትመለሳለች። ያኔ ነው በጣም የተናደድኩት። ምክንያቱም ይሄን እንዲህ የሠራ ሰው አንደኛውን እንዴት ይሠራው ነበር? ይሄን ጥያቄ ማንም አይመልሰውም፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ፊደል ሺ ጊዜ ቢተልቅም አይመልሰውም።

የቀረው ሳጥን? ጥሩ ነው፣ ምን ልበላችሁ። የሌሎቹ አቀናባሪዎች ሥራ፣ ደቡሲው፣ ሹማኑ፣ ሹበርቱ፣ ሁሉም ንጹሕ ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ) ናቸው፣ ሹክሹክታ አላቸው፣ በሄድፎን ከሰማችሁ ይታወቃል፣ በስፒከር ግን ትረሱታላችሁ። የፍራንክ ሲምፎኒ ደግሞ ካርኔጊ ሆል ላይ ኤፕሪል 6፣ 1954 የተቀዳ ነው፣ ቶስካኒኒ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ከመራ በሁለተኛው ቀን፣ በዛው በሽማግሌው ኦርኬስትራ፣ ያውም በስቴሪዮ። ሙዚቀኞቹ ኦርኬስትራቸው ሊፈርስ እንደሆነ እያወቁ ነው የሚጫወቱት፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው መሰለኝ ሌላ ድምፅ የሚሰማኝ። የብራምስ 3ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለችው የሆርን ሶሎ ለብቻዋ የሳጥኑን ግማሽ ዋጋ ታወጣለች። በዛን ጊዜ የፊልሃርሞኒያ አንደኛ ሆርን ተጫዋች ዴኒስ ብሬይን ነበር፣ እሱም 1957 ላይ በመኪና አደጋ ሞተ፣ እሱም በ36 ዓመቱ። እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው?

አሁን ደሞ የማይቀረው የሻጭ ክርክር። "እንግዲህ ይሄን ሁሉ ካገኘህ ምን ጎደለብህ?" ይላል። አንደኛ ክፍል ነዋ የጎደለው! ሦስት አራተኛ ሲምፎኒ እንደ ሙሉ ሲምፎኒ አትዘርዝር ነው የምልህ። ያልተጨረሰ ሥራ መሸጥ ነውር አይደለም፣ ሹበርት ራሱ ያልተጨረሰ የሚባል ሲምፎኒ አለው እኮ፣ እዚሁ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ስሙ ላይ "ያልተጨረሰ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ሰው አውቆ ይገዛዋል፣ ወዶ ይሰማዋል። ለሹበርት የተጻፈች አንዲት ቃል ለካንቴሊ ምን ያስቸግራል? እንደውም "ሊጨርሰው ያልታደለው 5ኛ" ብለው ፊት ለፊት ቢጽፉበት እኔ ቀድሜ ነበር የምገዛው። ደብቀው ሲሸጡልኝ ግን ለሰውየው የሚገባውን ሐዘን ሁሉ ለካርቶን ንዴት አዋልኩት።

መልስልኝ እንዳልል ደግሞ ዕቃው በሻንጣ ነው የመጣው፣ የአክስቴ ልጅ ተመልሳ ሄዳለች፣ ለሱቁ ብጽፍ የመመለሻ ደንባቸውን ላኩልኝ፣ በደንቡ መሠረት ፕላስቲኩ ከተቀደደ አይመለስም። ፕላስቲኩን ሳልቀድ ምን አባቴ ላውቅ ነው?

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ቤታችሁ ውስጥ የመጀመሪያ የቤትሆቨን 5ኛችሁ እንዲሆን ካሰባችሁ በፍጹም እንዳትገዙት፣ ልጆቻችሁ ያቺን ጣ-ጣ-ጣ-ጣአም ፈልገው ያጧታል። ሌላ ሙሉ 5ኛ ካላችሁና ጆሯችሁ ከለመደው ግን፣ ኧረ ግዙት፣ ያገለገለ ካገኛችሁ ደግሞ ይሻላል፣ ሙሉ ዋጋ ግን አትክፈሉ፣ ለጎደለው ክፍል የሚቀነስላችሁን ቀንሱ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ይሄን ብሶቴን ሰምቶ "እንግዲያው እኔ ልግዛህ፣ ጎደሎ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ" አለኝ። አልሸጥም አልኩት። "ትንሽ ልጨምር?" አለ፣ አልሸጥም። 7ኛውን መስማት ከፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ይምጣ፣ መብራት ካለ።