ፋን ለምትቀይሩ የፒክአፕ ባለቤቶች፦ ለሳቢያኑ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በፒክአፕ ጭነት የምናመላልስ ሾፌሮች በጋራ ልናመሰግናቸው የምንወድ አንድ ባለሙያ አሉ። ሳቢያን በኩል በአንዲት አነስተኛ ጋራዥ ራዲያተርና ፋን (በራዲያተሩ አየር የሚስበውን ማራገቢያ) ይሠራሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይወዱ እዚህ «ጋሼ» ብለን እንቀጥላለን። ፋን ልቀይር ብሎ የመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የሚሞቅብህ ቆመህ ነው ወይስ ስትሮጥ?» ብለው ነው።

ይህች ጥያቄ ብዙ ብር ታድናለች። መኪናው ሚኒሞ ላይ ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ እየሞቀ፣ ሜዳ ላይ ሲፈጥን የሙቀት ጌጁ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋን ላይ ነው፤ ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ የፋኑን ድካም ይሸፍንለታል። ሲሮጥ የሚሞቅ ከሆነ ግን የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፍት ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው) ወይም የደከመ ፖምፓ (ውሃውን የሚገፋው) ይፈለጋል፤ ለዚያ አዲስ ፋን ምንም አይፈይድም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው የደንገጎ ዳገት ደግሞ ሁሉንም ያጋልጣል። ጭነት ይዞ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ በጣም ይግላል፣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ግን ጥቂት ነው፤ ሥራው በሙሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ከፍታውም አለ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው ድሬዳዋ ላይ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ዳገቱ ጫፍ 2,000 ሜትር ሲታለፍ ደግሞ በ93 ገደማ። ስለዚህ ጋሼ ፋኑን ከመንካታቸው በፊት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ግፊት የሚይዘውን የክዳኑን ጎማ ያያሉ።

በድሮዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶችና በመሰሎቻቸው ላይ ፋኑ በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው ቀበቶ) ነው የሚዞረው፤ በፋኑና በፖምፓው መሃል ደግሞ ፋን ክላች አለ። ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጥምዝምዝ ሞላ በራዲያተሩ ያለፈው አየር ሲያግለው መንገድ ይከፍታል፣ ዘይቱ ይገባና ፋኑን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሲበርድ ይለቀዋል። ክላቹ ከሞተ የፋኑን ክንፍ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ከነቀሉ በኋላ ፋኑን በእጃቸው ይገፉታል። ጤነኛ ክላች ከበድ ብሎ ጥቂት ዞሮ ይቆማል። ሞተሩ ግሎ ሳለም ያለ ምንም መያዝ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ አልቋል። ከዚያ በእጅ ባትሪ የክላቹን ፊት ያበራሉ፦ ከመሃል ወደ ዳር የተረጨ፣ አቧራ የያዘ ጥቁር የዘይት መስመር ካለ ፈስሷል ማለት ነው። የክንፉን ጫፍ ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃሉ፤ ከላላ የክላቹ ወይም የፖምፓው ኩሽኔታ ተበልቷል። ከፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ከተንጠባጠበ መጀመሪያ ፖምፓው ይቀየራል፣ በተበላ ፖምፓ ላይ አዲስ ፋን አይሰቅሉም። ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጮኾ ዝም የሚል ፋን ግን አልተበላሸም፤ ሌሊት የተጠራቀመው ዘይት እስኪመለስ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያገሳ ከሆነ ክላቹ ተጣብቋል፣ ጉልበትና ናፍጣም እየበላ ነው።

ክላቹን በቡሎን ወግቶ አንድ ላይ ማሰር በየመንገዱ የሚሰጥ ምክር ነው። ጋሼ አይሠሩትም፣ እኛም እንቢ በሉ እንላለን። ፋኑ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮ ስለሚከንፍ ቺንጋውና ፖምፓው ይደክማሉ፣ ያረጀ ክንፍ ይሰነጠቃል። ጎርፍ በሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ክንፉ ውሃ ሲመታ ወደ ፊት ታጥፎ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል።

መለዋወጫው ሲመረጥ «የሃይሉክስ ነው» መባሉ አይበቃም። የክንፉ ብዛት፣ የክንፎቹ ጥልቀት፣ የመሃሉ ቀዳዳ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ርቀትና የዙሩ አቅጣጫ አንድ በአንድ ከአሮጌው ጋር ይነጻጸራል። ክንፉ ጎደሎ ቁጥር ከሆነ፣ ለምሳሌ 7፣ ከጫፍ ጫፍ መለካት ያሳስታል፤ ከመሃል እስከ አንዱ ጫፍ ይለካና በሁለት ይባዛል። ትልቅ ፋን ይሻላል የሚለው ሐሳብ አይሠራም፣ ሞተሩ በተቀመጠበት ጎማ ላይ ሲወዛወዝ ፋኑ ዙሪያውን የከበበውን ከቨር ይመታል። በጫፉና በከቨሩ መሃል 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከራዲያተሩም ቢያንስ 2 ወይም 3 ይተዋሉ፤ ከክንፉ ጥልቀት ግማሹ ያህል ከከቨሩ ውስጥ መግባት አለበት። ከቨሩ ተሰብሮ የተጣለበት መኪና ላይ ፋኑ ከፊቱ ያለችውን ክብ ብቻ ይስባል፣ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሳይቀዘቅዙ ይቀራሉ። ከቨር ፈልጎ መግዛት ከፋን እኩል ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ክንፍ ሥሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለው በሙጫ አይጠገንም፤ ሲበተን ኮፈኑንም ይወጋል። ክላች ስትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ተጋድሞ የኖረውን ትታችሁ ቆሞ የተቀመጠውን ውሰዱ፣ ተጋድሞ ከኖረ ዘይቱ ሊፈስ ይችላል።

ወደ ኤሌክትሪክ ፋን ልቀይር ለሚሉ ጋሼ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨውን ዲናሞ ያሳዩዋቸዋል። ትልቅ ፋን 20 አምፔር እና ከዚያም በላይ ሊጎትት ይችላል፣ ሲነሳ ደግሞ ይበልጣል፤ ሪሌ (ብዙ አምፔር የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ፊውዝ የግድ ነው። ከባድ ጭነት ይዞ ለሚወጣ የናፍጣ መኪና የቺንጋውን ፋን ይመርጣሉ፣ በዚህ እንስማማለን።

ሲፈቱ ፖምፓው ላይ ያሉትን አራት ዳዶዎች ቺንጋው ሳይላላ ያላላሉ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ፑሌ ይዞ ስለሚያቆመው። ሲገጥሙ በመስቀል ያጠብቃሉ፤ ቺንጋው መሃሉ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲገባ ያደርጋሉ። በመጨረሻም ኮንዲሽነሩን አጥፍተው፣ ሞተሩ ሲግል ከፊት ግሪሉ ላይ ወረቀት ይይዛሉ፤ ወረቀቱ በራሱ ከተጣበቀ አየር እየተሳበ ነው።

ለጋሼ ከልብ እናመሰግናለን። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። አሮጌውን ፋንም አትጣሉ፣ የተሰበረም ቢሆን ለልኬት ይዛችሁላቸው ሂዱ።