«10 ኪሎ ይሸከማል» የተባለውን ትራይፖድ ካርቶኑን ሳትከፍቱ እንዳትገዙ

ሐዋሳ ላይ ትራይፖድ (ካሜራ የሚታሰርበት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። 6,500 ብር ያወጣሁበት ዕቃ ካሜራዬን ድንጋይ ላይ ጥሎብኛል። በሌላ ሰው ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ፎቶ የማነሳው ለራሴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሐይቁ ዳር አልጠፋም። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ነው፤ ሌንሴ ደግሞ 70-200 ኤፍ 4 የሚባለው፣ ሩቁን የሚያቀርበው ረጅም ሌንስ ነው። ሁለቱንም ያገለገሉ ነው የገዛኋቸው፣ ለዚያውም ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትገባ ብርሃኑ ቶሎ ይደክማል። ያኔ ካሜራው አንድ ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ይሄ በእጅ አይሆንም።

ወደ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሁት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው። 10 ኪሎ ይሸከማል፤ ካርቶኑ ላይ ይዩት» አለኝ። አየሁት፤ እውነትም ተጽፏል። የኔ ካሜራ ከነባትሪው 770 ግራም ገደማ ነው፣ ሌንሱ 705 ግራም። ሁለቱ ተደምረው አንድ ኪሎ ተኩል እንኳን አይሞሉም። ታዲያ 10 ኪሎ የሚችል ዕቃ ለኔ ይተርፋል ብዬ፣ ከካርቶኑ ሳይወጣ ከፍዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ቁጥር ልንገራችሁ። አምራቾች ሁሉ ተስማምተው የሚለኩበት አንድ ወጥ መለኪያ የለም። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ለክቶ ይጽፋል። ጥሩ አምራች ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ይጽፍና ዕቃው ከዚያ በላይ ይችላል። መጥፎው ደስ ያለውን ይጽፋል። ደግሞም ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጫን ክብደትና ወደ ፊት የተንጠለጠለ ክብደት አንድ አይደሉም። አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን እጃችሁን ወደ ታች ለቃችሁ ስትይዙት ምንም አይመስልም። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት እስቲ፤ ደቂቃ አትቆዩም። ረጅም ሌንስ ትራይፖዱን የሚያደርገው እንደዚያ ነው። አንዳንድ ሌንስ ትራይፖዱ ላይ በራሱ የሚታሰርበት ቀለበት አለው፤ ሚዛኑ መሀል ላይ ያርፋል። የኔው ሌንስ ቀለበቱ ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም። ካሜራው ታስሮ ሌንሱ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ፍቅር ሐይቅ ጋ ነው የሆነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የሐይቁን ነፋስ ታውቁታላችሁ። የትራይፖዱ እግሮች ተዘርግተው ደረቴ ጋ ብቻ ስለደረሱ የመሀሉን ቱቦ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሳብኩት። መጀመሪያ የካሜራው አፍ ቀስ እያለ ወደ መሬት አዘቀዘቀ። ማጥበቂያ ብሎኑን አጠበቅኩት። ደግሞ አዘቀዘቀ። ጠበቅ አድርጌ ሳዞረው ብሎኑ ከውስጥ ሾለከና በባዶ ይዞር ጀመር። እሱን ሳስተካክል ነፋሱ ገፋው፣ የአንዱ እግር መቆለፊያ ለቀቀና እግሩ ተሰብስቦ ገባ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩበትም። ካሜራው ተረፈ። የሌንሱ አፍ ግን ተጣሟል፣ ፎከስም አልይዝ ብሏል።

ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ጋ ወስጄ የትራይፖዱን ራስ፣ ማለትም ካሜራው የሚታሰርበትን የላይኛውን ክፍል፣ ፈታነው። ከላይ ብረት የሚመስለው ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ብሎኑ የሚገባበት ጥርስም ፕላስቲክ ነው፤ ተልጦ አልቋል። ሦስቱ እግሮች የሚገናኙበት መገጣጠሚያም እንደዚያው።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ «ለውጡልኝ ወይም ብሬን መልሱልኝ» ማለት እንደሚችል ይናገራል። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ካርቶኑን የከፈትኩት በ18ኛው ቀን ነው። ደረሰኝም አልተቀበልኩም። በባዶ እጄ ወጣሁ። እባካችሁ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ዕቃውንም በዚያው ቀን ሞክሩት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ መሞከር ነው። የራሳችሁን ካሜራና ያላችሁን ትልቁን ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ። እግሮቹን እስከ ጫፍ ዘርጉና ከላይ በሁለት እጃችሁ ተጫኗቸው፤ አንዱ እንኳን ሸርተት ካለ እዚያው ተዉት። የመሀሉን ቱቦ ሳትስቡ ካሜራው አገጫችሁ አካባቢ መድረስ አለበት። ቱቦው ሲወጣ ሦስት እግር የነበረው ነገር በአንድ ዘንግ ላይ ነው የሚቆመው፤ ነፋስ ላይ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ካሜራውን እሰሩና ሩቅ ያለ አንድ ነገር ላይ፣ በር ላይ ያለ ጽሑፍም ቢሆን፣ አነጣጥሩ። ስክሪኑ ላይ በደንብ አጉሉት። የትራይፖዱን ራስ አጥብቁና እጃችሁን ልቀቁ። ጽሑፉ ቀስ እያለ ከስክሪኑ ከሸሸ የትራይፖዱ ራስ አይይዝም ማለት ነው። አሁን አንዱን እግር በጣታችሁ መታ አድርጉት። ምስሉ ወዲያው ረጋ ካለ ጥሩ ነው። ሲንቀጠቀጥ ከቆየ ግን የማታ ፎቶአችሁም እንደዚያው ነው የሚወጣው። ይሄንን የሞከርኩት በኋላ የወዳጄን አሮጌ ትራይፖድ አጠገቡ አቁሜ ነው፤ ልዩነቱ አስደንግጦኛል። የሱ ካርቶን ላይ የተጻፈው 5 ኪሎ ብቻ ነበር።

እግሮቹ መሀል ላይ በቀጫጭን ዘንጎች የተያያዙትንም ተጠንቀቁ። አንዱን እግር ለብቻው ከፈት ማድረግ ስለማይቻል ታቦር ተራራ ላይ፣ ተዳፋት ቦታ፣ ይቸግራችኋል። ካሜራው ሥር የምትታሰረውን ፕሌትም እዩ። አርካ የሚባለው፣ ብዙ ትራይፖድ ላይ የሚገጥመው ዓይነት ከሆነ ብትጠፋም ሌላ ታገኛላችሁ። የራሱ የተለየ ቅርጽ ካላት ግን ፕሌቷ የጠፋች ቀን ትራይፖዱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ብሩ የማይበቃ ከሆነ፣ በደንብ የተሠራ ያገለገለ ትራይፖድ ከአዲስ ፕላስቲክ በብዙ እጥፍ ይሻላል። ስልክ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ቀላሉም ይበቃዋል፤ እሱን አልከለክልም።

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳዎቹ አሳ የሚጠብቁበት ጋ፣ አንድ ወጣት ያንኑ ትራይፖድ ተክሎ አየሁት። ቱቦውን እስከ ላይ ስቦታል። ሰላም ብዬው ታሪኩን ነገርኩት። ቱቦውን አብረን አወረድነው፣ የካሜራውን ማንገቻ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። ከዚያ መቼ እንደገዛው ጠየቅኩት። ገና አራት ቀኑ ነው። ደረሰኙም ቦርሳው ውስጥ ነበር።