ጀማ ሸለቆ፦ ወፍ ለማየት በመስከረም ወይስ በጥር?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ በሁለቱም ወራት ያው ነው። ሸለቆው ግን ሌላ አገር ይመስላል።

በመስከረም ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ማሽላው ውስጥ አንድ ትንሽ ወንድ ወፍ ቀይና ጥቁር ለብሶ፣ ላባውን ነፍቶ ኳስ እስኪመስል ድረስ ከአገዳ አገዳ ይበራል። እንዲህ የሚያደርገው ለሴቷ ለመታየት ነው። እሷ ቡናማ ናት፤ ድንቢጥ ነች ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ያንኑ ወንድ በጥር ብታገኙት ካባውን አውልቆ እሱም ቡናማ ሆኗል። አጠገባችሁ ቆሞ አታውቁትም! የመስከረም ችግሩ ጭቃው ነው። ወንዙም ደፍርሶ ስለሚሞላ ዳሩ ላይ ብዙ የሚታይ የለም።

በጥር ወንዙ ይሳሳል፣ ጠጠርና አሸዋው ይወጣል። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ እንግዶችም ይመጣሉ፦ ውኃ ዳር ጭራውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቀጭን ወፍ፣ ከላይ ደግሞ የስቴፕ ንስር። ዛፉ ቅጠሉን ስላራገፈ ወፍ መደበቂያ ያጣል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ እገዛ ነው።

የሀርዉድ ቆቅ ግን ወር አይመርጥም። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ ዓመቱን ሙሉም እዚያው ነው። በማለዳ ድምፁን ተከትሎ መፈለግ ነው።

ካሜራ ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጥር ይሻላችኋል። እኔ ግን ጫማዬ ቢበላሽም መስከረምን አልለውጥም።