ለ400 ኪሎ ሜትር በረራ የትኛው ይሻላል፦ ጄት ወይስ ባለ ፕሮፔለር?

በሁለት አነስተኛ አየር ማረፊያዎች መካከል 400 ኪሎ ሜትር ርቀት አለ እንበል። ቦይንግ 737 ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ደግሞ ወደ 650። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ፍርዱ ያለቀ ይመስላል።

እስቲ እናስላው። ርቀቱን ለፍጥነቱ ስናካፍል ለጄቱ 29፣ ለባለ ፕሮፔለሩ 37 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው! እሱም ቢሆን ሁለቱም ከመነሻ እስከ መድረሻ በሙሉ ፍጥነት በረሩ ብለን ነው። በአጭር መንገድ ግን ጄቱ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ስለሚጀምር ፍጥነቱን የሚያሳይበት ሜዳ አያገኝም። ወደ ማኮብኮቢያው ማምራት፣ ተራ መጠበቅ፣ ለማረፍ መዞር ደግሞ ለሁለቱም አይቀርም፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከዚህ ስሌት የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው።

በነዳጅ ቁጠባ ባለ ፕሮፔለሩ በግልጽ ይበልጣል፤ የጄት ሞተር የሚያዋጣው አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው። ባለ ፕሮፔለሩን አጠር ያለ ማኮብኮቢያም ይበቃዋል። በምቾት ግን ጄቱ ይሻላል፤ ባለ ፕሮፔለሩ ዝቅ ብሎ ስለሚበር መጥፎ የአየር ጠባይን ከላይ አልፎ መሄድ ብዙ ጊዜ አይሆንለትም፤ ንዝረቱም ይሰማል። አሮጌ ነው የሚሉት ግን ተሳስተዋል፤ ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው እንደ ጄቱ ሞተር ያለ ዘመናዊ ተርባይን ነው።

ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ ወደ 25 ደቂቃ ስለሚያድግ ጄቱን እመርጣለሁ። ለ400 ኪሎ ሜትር ግን ያለማመንታት ባለ ፕሮፔለሩን።