ለአሮጌ አምፖሎች መፈተሻ የገዛሁት ቫሪያክ

ወንድሜ ከአሜሪካ አምስት አሮጌ አምፖሎች ይዞልኝ መጣ። የተሠሩት ለ110 ቮልት በመሆኑ እዚህ አዲስ አበባ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ስለዚህ ከዜሮ እስከ 250 ቮልት የሚሰጥ ቫሪያክ፣ ማለትም ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል ትራንስፎርመር፣ ገዛሁ።

በዋና ሥራው በጣም ረክቻለሁ። እጀታውን ቀስ ብዬ ሳዞር የካርቦኑ ክር መጀመሪያ እንደ ፍም ይቀላል፤ ያን ጊዜ አምፖሉ ደኅና መሆኑን ስለማውቅ ወደ ሙሉ ኃይሉ ማድረስ አያስፈልገኝም። ቮልቴጁ ትንሽ ዝቅ ሲል የክሩ ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይረዝማልና ለዚህ ዓይነት ቅርስ ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ የለም።

ሁለት ጉድለቶች ግን አሉበት። እጀታው 110 ላይ ሲቆም ቴስተሬ 121 ቮልት አነበበ፤ ቁጥሩን አምኜ ቢሆን ኖሮ ክሩን በጎዳሁት ነበር። ከዚህ የሚከፋው፣ ሻጩ «ከንዝረት ይከላከላል» ማለቱ ነው። ቫሪያክ የሚሠራው በአንድ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ መውጫው ከመስመሩ አይለይም፤ ዝቅተኛ ቮልት ላይ እያለም የአምፖሉን ብረት የነካ ሰው በ220 ቮልት ሊመታ ይችላል። አምፖል ከመቀየሬ በፊት ሁልጊዜ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ።

ጀማሪ ሰብሳቢ መሣሪያውን ከመሰካቱ በፊት አምፖሉን በዓይኑና በቴስተር ይመርምር። አናቱ ላይ ሹል የመስታወት ጫፍ ካለው፣ አየሩ የተሳበው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ለጌጥ የሚሠሩ አስመሳዮችም ይህን ጫፍ ስለሚይዙ ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። ጥቁርና ደብዛዛ ሆኖ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ክር ካርቦን ነው፤ ቀጭንና አንጸባራቂ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጋው በአመዛኙ ተንግስተን ነው። ቴስተርም ይለያቸዋል፦ የ110 ቮልትና የ40 ዋት ተንግስተን ቀዝቃዛ እያለ ወደ 25 ኦም ያህል ሲያሳይ፣ ተመሳሳዩ ካርቦን ከ300 ኦም በላይ ያሳያል። ተንግስተኑ ላይ ያነበበው ትንሽ ቁጥር ሾርት መስሎት ደኅና አምፖል የሚጥል ጀማሪ አለና ይህን ልብ ማለት ያሻል። መሠረቱ የሚነቃነቅ አምፖል ግን ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ሊነካኩ ስለሚችሉ ፈጽሞ አይሰካ።

ከአምስቱ አራቱ በርተዋል። አምስተኛው ተንግስተን ገና ከመቅላቱ ነጭ ጭስ ውስጡን ሸፈነው፤ አየር ገብቶበት ኖሯል። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጌ ስለነበር ያለ ሥጋት አጠፋሁት። መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ቴስተርና መነጽሩን አብሮ ይግዛ፤ ከቻለም መስመሩን የሚለይ ሌላ ትራንስፎርመር ከቫሪያኩ በፊት ያስገባ።