የቆመች ቮልስ፣ የቆመች ላዳ ወይስ የቆመች ፒጆ? ገዝቶ ለማስነሳት ለሚያስብ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ማለትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሸራ ለብሰው ጓሮ የተቀመጡ አሮጌ መኪኖች ፈላጊያቸው በዝቷል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን የማይቀመስ አድርጎት ነበር። በዚህ ላይ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ግቢ የነበረው ብዙ ሰው ግቢውን ለቀቀ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የማትንቀሳቀስ መኪና ቦታ ይዛ ስትከርም ከጎረቤት ታጣላለች። ስለዚህ የአባት ቮልስ፣ የአጎት ፒጆ፣ ከታክሲ ሥራ የወጣች ላዳ ገበያ ይወጣሉ።

የቱን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ቮልስ ግዙ። በየቀኑ ሥራ ልትመላለሱባት ከሆነ ላዳ ይሻላችኋል። ፒጆ ትዕግሥትም የሚያውቃት መካኒክም ላለው ሰው ነው። ሦስቱንም ስታዩ ግን «ሞተሯ ይነሳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ኋላ አድርጉት። ሞተር ይጠገናል። ኪስ የሚያራቁተው የበሰበሰ ወለልና የተወሳሰበ ሊብሬ ነው።

ባትሪ ላምጣና ላስነሳት ሲሏችሁ

ሻጩ ወይም ደላላው «ባትሪ ላምጣና አሁኑኑ ላስነሳት» ካለ አትፍቀዱ። ገፍቶ ማስነሳትም ያው ነው። ለዓመታት በቆመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ አልቋል። ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው በደረቁ ነው። ትንሽ ዝገት ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደሩን ይቧጭረዋል፤ ደህና የነበረ ሞተር በአንድ ቁልፍ ይበላሻል።

ካንዴላዎቹ ይፈቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይጨመር። ይደር። በማግስቱ ሞተሩ በእጅ ይዙር። ላዳ ከፊት በሚገባ ማዞሪያ ብረት ትዞራለች፤ ቮልስን በፑሊው (ቺንጋው በሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ቡሎን በቁልፍ ማዞር ይቻላል። በእጅ ከዞረ ግማሹ ጭንቀት አለቀ። ከዚያ አሮጌው ቤንዚን ከታንከሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዳ። ክዳኑን ስትከፍቱ ቤንዚን ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ከሸተተ ካርቡራቶሩም ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ሻጩ ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ሞተሩ እንደተበላሸ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ።

ቮልስ

ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተመርታለች። የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ይህ ቁጥር ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕቃዋ ዛሬም አዲስ ሆኖ ይመረታል። ፑንቲና፣ የካርቡራቶር መጠገኛ ጎሚኒዎች፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ፖምፓ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ።

ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም። ቆሞ የሚበሰብስ የውሃ ቱቦ፣ የሚዝግ የውሃ መንገድ የለም። ሞተሯ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው፤ በክሪክና በሁለት ሰው ይወርዳል። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የሰፈር መካኒክ ግቢያችሁ መጥቶ ሊጨርሳት የሚችላት መኪና ከሦስቱ እሷ ናት።

ስትገዙ ሁለት ቦታ ረጋ ብላችሁ ፈትሹ። አንደኛው የኋላ ወንበር ስር ነው። ወንበሩን አንሱት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ በቀኝ በኩል ነው፤ ለዓመታት የፈሰሰ አሲድና በክረምት የገባ ውሃ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ግለጡና ቆርቆሮውን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ቆርቆሮ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በስቱኮና በቀለም የተሸፈነ ዝገት ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ አንዳንዴም እጀታው ሰርጎ ይገባል። የአንድ መዳፍ ያህል ከሆነ ባትላሜራ ቤት ተቆርጦ ይበየዳል። ከፊት እስከ ኋላ ከሆነ ግን ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉአት። እግረ መንገዳችሁን ከወንበሩ ስር መሀል ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

ሁለተኛው ኋላ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከታች ያለውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጃችሁ ያዙት። ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁ ግፉት። የተፈቀደው ክፍተት እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ ብዙም የሚሰማ አይደለም። ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ከሰማችሁ የሞተሩ ውስጥ ተበልቷልና ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም። ይህ ፍተሻ ባትሪም ቤንዚንም አይፈልግም። ሻጩ ፊት ስታደርጉት ዋጋ ላይ የምትነጋገሩበት ማስረጃ ይሆናችኋል።

የአይጥን ነገር አደራ። ጓሮ የከረመች ቮልስ ማራገቢያዋን በሸፈነው ቆርቆሮ ውስጥ አይጥ ጎጆ ይሠራል። ሞተሩ ቢነሳም አየር አያገኝም፣ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ቆርቆሮው ተፈትቶ ሳይጸዳ ከግቢ አትውጡ። ከሞተሩ አጠገብ የሚያልፈው የነዳጅ ጎማም ያለ ምንም ክርክር ይቀየር። ቤንዚናችን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ በነበረባቸው ዓመታት የተጎዳ አሮጌ ጎማ ብዙ ነው፤ ከዚያ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ሲያርፍ እሳት ይነሳል።

ድክመቷም አይካድም። የቀደሙት 6 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ ባትሪና አምፖል መፈለግ አድካሚ ነው። 12 ቮልት የሆነችውን ብትመርጡ ትገላገላላችሁ።

ላዳ

ላዳ መነሻዋ ፊያት 124 ነው። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት ጀምራ፣ የዚያው ዘር የሆኑት ሞዴሎች እስከ 2012 ቆይተዋል። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ሀብቷ ሰው ነው። ለዓመታት በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ስላገለገለች የማያውቃት መካኒክ የለም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሶማሌ ተራ ብትወርዱ ካምቢዮዋም፣ ሞተሪኖዋም፣ በሯም ሳይቀር ከተፈታ መኪና የወጣ ይገኛል። ፍሪሲዮኗ በገመድ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ስለሆነ ከቆመች በኋላ ብዙ ጊዜ ፔዳሉ ተረግጦ ይቀራል። አትደንግጡ፤ ጎሚኒው ነው፣ ብዙ ወጪም የለውም።

ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ክፈቱና ጠርዙን፣ ማጠፊያዎቹን፣ የኮፈኑን ውስጥ እዩ። ከላይ ቀይ ወይም ነጭ ሆና ከስር ሰማያዊ ብቅ ካለ ታክሲ ነበረች ማለት ነው። የታክሲ ላዳ አትገዛ አልልም። ግን ቀንና ማታ የሠራች ናትና በቤት መኪና ዋጋ አትግዟት።

ራዲያተሯን ደግሞ በደንብ አስፈትሹ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎሚኒው ከደረቀ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ዳገቱን ሳትጨርሱ ታፈላለች። ሰው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል፤ ችግሩ የክዳን ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ።

ፒጆ

በምቾት የሚስተካከላት የለም። 404 የምትባለው ሞዴል በጣሊያኑ የመኪና ነዳፊ ድርጅት በፒኒንፋሪና የተነደፈች ናት፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስታልፍ ሰው ዞሮ ያያታል። ሞተሯ ደግሞ ለመታደስ የተመቸ ነው። ሲሊንደሮቹ ተነቅለው የሚወጡ ናቸው፤ ሞተሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ሲሊንደር ማስፋት ሳያስፈልግ አዲስ ሲሊንደር ከነፒስተኑ ይገባል።

ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ከሲሊንደሮቹ ግርጌ ያለው ማሸጊያ፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልቶባት ለዓመታት ከቆመች፣ ይበላና ውሃ ወደ ዘይት ያሳልፋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ሞተሩ መውረዱ ነው። የውጭ አካሏ ዕቃም ችግር ነው። መብራት፣ መከላከያ፣ መስታወት የጎደላት 404 ርካሽ ብትመስልም፣ የጎደለውን ፍለጋ ዓመት ይፈጃል። ሙሉ ካልሆነች አትንኳት። 504 ትንሽ ትቀላለች፤ ናይጄሪያ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2000ዎቹ ድረስ ስትገጣጠም ስለነበረ ዕቃዋ ከ404 ይሻላል።

ሴቼንቶ (ትንሿን ፊያት 600) የምትወዱ አላችሁ፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን ዕቃዋ ከጣሊያን ታዝዞ የሚመጣ ነውና ለሁለተኛ መኪናነት ካልሆነ አልመክርም።

ፍሬን ላይ ሦስቱም እኩል ናቸው

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። መኪናዋ ስትቆም እርጥበቱ ፖምፓዎቹን ከውስጥ ያዝጋል፤ ጎማዎቹ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ፖምፓዎች ተጣብቀው ይቀራሉ። «ትንሽ ዘይት ጨምረናል፣ ይዟል» የሚል መካኒክ አትመኑ። ጎሚኒው፣ የጎማ ቱቦው፣ ዘይቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም የፍሬን ሸራው በሙሉ ይቀየር። በተለይ አሮጌዎቹ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ በአንዴ ፍሬን ያጣል። በዚህ ሁኔታ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል መውረድ ሞት ነው። ጎማም ቢሆን ጥርሱ ስላለ ብቻ አይታለፍ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2312 ካለ እ.ኤ.አ. በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈውን ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስወልቁት።

ግቢ ይሠራ ወይስ ጋራዥ ይግባ?

ቮልስን መካኒክ ግቢ ድረስ አምጥታችሁ አሠሩ። ዓይናችሁ ሥር ትሆናለች፤ ሳቢ መኪናም አትከፍሉም። ላዳን የሰፈር ጋራዥ ይበቃታል። ፒጆን ግን አሮጌ ፒጆ በእጁ ያለፈ አንጋፋ መካኒክ ፈልጋችሁ ብቻ ስጡ፣ ወረፋ ቢያስጠብቅም። ብዙ ጋራዦች ከመልሶ ማልማቱ ጋር ቦታ ቀይረዋልና መኪናዋን ከማስጫናችሁ በፊት ደውሉ።

ውል ስትነጋገሩ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይሁን። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተረከቡ። ካርቡራቶሩን ለዚህ ከተማ አየር እንዲያስተካክለው ንገሩት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላዋ ጥላሸት ከለበሰ ገና አልተስተካከለችም።

የውርስ መኪና ከሆነች ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ወራሾቹ ሁሉ መስማማታቸውን በሰነድ እዩ። ስም ሳይዞር፣ ቦሎ ሳይለጠፍ ለቀለም ብር አታውጡ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያውን ዘይት ብዙ አትንዱበት፤ ውስጥ የተቀመጠውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚዞረው። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቀይሩትና የወጣውን ዘይት ነጭ ዕቃ ላይ አፍስሳችሁ የብረት ብናኝ እንዳለበት እዩ።