ለጌታቸው መኩሪያ የተዘጋጀው ምሽት፦ ሙዚቃው፣ ሳውንዱና መስተንግዶው

የምኖረው ሆላንድ ነው። የሳክስፎን ተጫዋቹ የጌታቸው መኩሪያ ነገር ልቤ ውስጥ የገባውም እዚያው ነው። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ከእሱ ጋር አልበም አውጥቷል። ያን ከሰማሁ በኋላ የድሮ ሥራዎቹን እያሳደድኩ መስማት ጀመርኩ፣ እስከ ዛሬም አልተውኩም። በጥር አገር ቤት ስገባ፣ መሀል ከተማ ለእሱ መታሰቢያ የሙዚቃ ምሽት አለ ሲሉኝ የያዝኩትን ቀጠሮ ሁሉ ሰረዝኩ።

ከውጭ ለምትመጡ ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ ከትኬቱ ልጀምር። የሚሸጠው በስልክ ነው፣ ክፍያውም በቴሌብር። የውጭ ባንክ ካርድ አይሠራም። ለእኔ የእህቴ ልጅ ከፈለችልኝ፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀባት። ዘመድ ከሌላችሁ በር ላይ በጥሬ ብር ይሸጣሉ፣ ግን ቶሎ ያልቃል።

ያረፍኩት ፒያሳ ስለነበር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ደህና። ፖስታ ቤቱን አልፌ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ የድንጋዩ አንበሳ ጋ ትንሽ ቆምኩ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ኦርኬስትራን ሲቀላቀል እዚህ ነበር የሚሠራው። ከዚያ በፊት በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። አብዛኛውን ዕድሜውን ከዘፋኝ ኋላ የቆመ ሰው ነው። ስሙ ግን ከብዙ ዘፋኝ ስም ጋር እኩል ይጠራል።

አዳራሹ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ በር ላይ ያሉት ልጆች ትሑት ናቸው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው 12 ሰዓት ተኩል ነው። መድረክ ላይ ሰው የወጣው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይቅርታ የጠየቀን የለም። ይህ ለሰው ሰዓት ክብር አለመስጠት ነው፣ ሊታረም ይገባል።

የባሰው ግን ሳውንዱ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ኪቦርዱና ቤዙ ተጭነው ሳክስፎኑን ውጠውታል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ልጅ ጉንጩ እስኪወጠር ይነፋል፣ እኛ የምንሰማው ኢኮውን ብቻ ነው። ለሳክስፎን ተጫዋች መታሰቢያ ተጠርተን ሳክስፎኑን አለመስማት ያናድዳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ቢጨንቃቸው ተነሥተው ሚክሰሩ ጋ፣ ድምፁን የሚያስተካክለው ልጅ ዘንድ ሄዱ። «ልጄ፣ እባክህ የሳክሱን ማይክ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርግልን» አሉት። ልጁም ሳይከፋ «እሺ አባባ» ብሎ አስተካከለ። ምስጋናዬ ለሁለቱም ነው።

ሁለተኛው ክፍል በሽለላ ተከፈተ። ድራሙ ከሥር ዝም ብሎ ይንከባለላል፣ ቤዙ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ሳክሱ ብቻውን ወጣ። መጀመሪያ ረጅም ጥሪ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ እየተጣደፈ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከኋላ አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተነሣ። አባትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይኼ እኮ ዘፈን አይደለም፣ ፉከራ ነው። ጌታቸው ግጥሙን ነበር የሚነፋው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጌታቸው ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው፣ ክላርኔትና ሳክስፎን በኋላ ነው የመጡት። የጦረኛውን ሽለላና ፉከራ ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ወደ ቴነር ሳክስፎን ያስገባው እሱ ነው። መድረክ ላይም የጀግና ልብስ ለብሶ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። የውጭ ሰዎች አነፋፉን ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ፣ ማለትም የተለመደውን ደንብ ትቶ በነፃነት ከሚነፋው ጃዝ፣ ጋር ያነጻጽሩታል። እሱ ግን እንዲህ መንፋት የጀመረው ያ ሙዚቃ ስም ሳይወጣለት በፊት ነው፣ ምንጩም እዚሁ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሲያርፍ ይህን ሁሉ ይዞት የሄደ መስሎኝ ነበር። የዚያን ምሽት ሳክስፎን ተጫዋች ልጅ ስሰማ ግን አልሄደም አልኩ። ልጁ አልኮረጀውም። የራሱን ትንፋሽ፣ የራሱን ቁጣ አስገብቶበታል።

የልጁን ስም ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። መድረክ መሪው የተጫዋቾቹን ስም አንዴ ጠራ፣ ጭብጨባው ዋጠው። ማን ምን እንደተጫወተ የሚናገር ወረቀት የለም፣ ፖስተሩ ላይ ያሉት የዘፋኞቹ ስሞች ብቻ ናቸው። ከዘፋኝ ኋላ ቆሞ ለኖረ ሰው መታሰቢያ ተዘጋጅቶ፣ ዛሬ ከኋላ የቆሙትን ስም አለመጻፍ ልክ አይደለም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃ ነበር። አዘጋጆቹን በሩ ላይ አግኝቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

ምግቡ ደህና ነው። ጥብሱ ትኩስ መጣ፣ አስተናጋጇ ፈጣንና ፈገግታዋ የማይጠፋ ነች። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አልተደመረበትም፣ ሒሳብ ሲመጣ አትደንግጡ። ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጡኝ።

ለመመለስ ራይድ ጠራሁ፣ ወዲያው መጣ። ሾፌሩ አፑ ላይ ከወጣው ዋጋ በላይ አልጠየቀኝም። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ስለ ሽለላው አጫውተኝ አለኝ፣ ፒያሳ እስክንደርስ አወራን።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲኖር ሂዱ። ስትሄዱ የፊት ረድፍ አትምረጡ፣ ስፒከሩ ጆሮ ያደነቁራል። መሀል ላይ፣ ሚክሰሩ አጠገብ ተቀመጡ። ድምፁ የሚስተካከለው እዚያ ነው፣ ሳክሱ ካልተሰማችሁም የሚነግሩት ሰው ቅርባችሁ ነው።